በእርሳስ የሚጻፍ አሰላለፍ

ቦንጋ ላይ የነሐሴ ዝናብ ሰዓት አይመርጥም። ማለዳ በካፊያ ይጀምርና ረፋድ ላይ ዶፍ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከደኑ ወርዶ ሜዳውን ሲሸፍነው ከአንዱ ጎል ሌላው አይታይም። በዚህ ሜዳ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ልምምድ የሚመለከቱ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። በካፖርታቸው ኪስ፣ ዝናብ እንዳያርሰው በፌስታል የተጠቀለለ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይይዛሉ። በየክረምቱ አንድ አዲስ ገጽ ይገልጡና ለመጪው ዓመት የሚጠብቁትን አሰላለፍ ይጽፋሉ፦ ከላይ ግብ ጠባቂው፣ ከሥሩ አራት ተከላካዮች፣ ቀጥሎ ሦስት አማካዮች፣ በመጨረሻ ሦስት አጥቂዎች። የሚጽፉት በእርሳስ ነው።

"መምህር፣ ለምን በእርሳስ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ በእስክሪብቶ ስጽፍ ደብተሩ ስርዝ ድልዝ ሆነብኝ" አሉ፣ ገጹን ወደ ኋላ እየገለጡ። "ጥቅምት ላይ የመጣው ሰኔ ላይ ሻንጣውን ይሸክፋል። ከርሞ ደግሞ ሌላ ቡድን ነው። በላጲስ ማጥፋቱ ይሻላል።"

ይህ ሐተታ ስለዚያ እርሳስ ነው። ውድድር ሊጀመር ሲል በየቡና ቤቱ የሚነሣው ጥያቄ "ዘንድሮ ማንን አመጡ?" የሚል ነው። ጥያቄው የደጋፊ መብት ነው፤ ጉጉቱም ደስ ይላል። ሆኖም የአንድ ቡድን ዓመት የሚወሰነው ከመጡት ይልቅ በቀሩት ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ እምነቴ ሦስት ምስክሮች አሉኝ፦ የሊጉ የቅርብ ታሪክ፣ የካፋ ዝናብ፣ እንዲሁም የእግር ኳስ ሰው እምብዛም የማያነሣቸው የቦንጋ በግ አርቢዎች።

የአዳጊዎቹ ዕጣ

የቦንጋው ካፋ ቡና የአካባቢውን ስም ይዞ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ሊግ የተጫወተ ክለብ ነው። በዚያ ሊግ ከሚዛኑ ቤንች ማጂ ቡና እና ከጅማ አባ ቡና ጋር በአንድ ምድብ የተገናኘባቸው ዓመታት ነበሩ። ሦስቱም በስማቸው ቡናን ይዘዋል፤ ሦስቱም ቡና በጫካ ከሚበቅልበት ምድር የወጡ ናቸው። ከቦንጋ ጅማም ሆነ ሚዛን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጋፊ በጠዋት ወጥቶ፣ ጨዋታ አይቶ፣ ማታ ቤቱ የሚገባበት መንገድ።

ከፍተኛ ሊግ ከፕሪምየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ውድድር ነው። እዚያ ያለ ክለብ ሁሉ ሕልሙ ማደግ ነው። ያደጉት ምን እንደ ገጠማቸው ማየት ግን ከሕልሙ በፊት ይቀድማል። በ2014 የውድድር ዓመት ከሦስቱ ምድቦች ኢትዮጵያ መድን፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ እና ለገጣፎ ለገዳዲ አደጉ። በቀጣዩ ዓመት ኢትዮ ኤሌክትሪክና ለገጣፎ ተመልሰው ወረዱ። መድን ግን ተደላደለ፤ በ2017ም ዋንጫውን አነሣ። በ2015 ደግሞ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማ እና ሀምበሪቾ ዱራሜ አብረው አደጉ። በ2016 ንግድ ባንክ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ ሻሸመኔና ሀምበሪቾ የሰንጠረዡን የመጨረሻ ሁለት ቦታዎች ያዙ።

በሁለት ዓመት ስድስት ክለቦች አደጉ፤ ሁለቱ ውሎ አድሮ ዋንጫ በሉ፣ አራቱ በመጀመሪያው ዓመታቸው ግርጌ ላይ ተገኙ። ዋንጫ ከበሉት አንዱ ባንክ፣ ሌላው የመድን ድርጅት መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ደመወዝ በወሩ የሚከፍል፣ ተጫዋቹን ሁለትና ሦስት ዓመት የማቆየት አቅም ያለው ክለብ ቡድኑን በላዩ ላይ እየደራረበ ይሠራል። በዞንና በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደር ክለብ ግን በጀቱ በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚጸድቅ ቡድኑም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል። ፌዴሬሽኑ በ2011 ክረምት የተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን የወሰነው የገበያው ዋጋ ክለቦችን ስላስጨነቀ ነበር። በዚህ ገበያ ውስጥ ባለ ገንዘብን በገንዘቡ ለመብለጥ የሚነሣ ትንሽ ክለብ ገና ሳይጀመር ተሸንፏል።

የጎረቤታችን የጅማ አባ ጅፋር ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በ2010 ባደገበት ዓመት የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ደቡብ ምዕራቡ በሙሉ በዚያ ዓመት አንገቱን ቀና አድርጎ ሄደ። ከዚያስ? አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረገ፤ በ2017 ዋንጫ ያነሣው መድንም የእርሱ ቡድን ነበር። አንድ ሰው በሦስት ክለቦች ሦስት ዋንጫ ማንሣቱ ትልቅ ክብር ነው። ለጅማ ግን ዕውቀቱ ከሰውየው ጋር ሄደ፤ ግቡም ከአጥቂው ጋር ሄደ። አባ ጅፋር ዋንጫ ባነሣ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014፣ ወረደ። ዋንጫ የበላ ቡድን እንኳ ከተበተነ በአራት ዓመት ውስጥ ታች ይገኛል። ገና ወደ ላይ የሚያንጋጥጥ ቡድን በየክረምቱ ሲበተን ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

ጭቃው የሚያስተምረው

ሁለተኛው ምስክሬ ዝናቡ ነው። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በዓመት ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት። እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ይህ ማለት የቅድመ ውድድር ዝግጅት፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው፣ የሚሠራው በጭቃ ላይ ነው። ውድድሩ ሲጀመር ደግሞ በጋ ነው፤ ሜዳው ይደርቃል፣ ኳሱ ይፈጥናል። ስለዚህ የቦንጋ ቡድን ሁለት መልክ ያስፈልገዋል፦ በጭቃ የሚጠነክር፣ በደረቅ ሜዳ የሚፈጥን።

ባለፈው ክረምት ያየሁትን ልናገር። ከጎሉ ጀርባ ኳስ የሚያቀብል አንድ ልጅ ነበረ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ። ልምምዱ ለውሃ ዕረፍት ሲቋረጥ ወደ ሜዳው ገብቶ ለብቻው መጫወት ጀመረ። ኳሱ ኩሬ ላይ ሲቆም አልገፋውም፤ በጣቱ ጫፍ ከሥር ፈልቅቆ ወደ ላይ አነሣው፣ ሳይወርድም መታው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት አንድ አዲስ የመጣ፣ አዲስ ታኬታ ያጠለቀ ልምድ ያለው ተጫዋች፣ በዚያው ኩሬ ላይ ኳሱን እየገፋ ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ኳሱን ከኋላው ጥሎት አልፎ ነበር። አዲሱ ሰው መጥፎ ተጫዋች ስለሆነ አልነበረም። ልጁ ግን ያንን ኩሬ ያውቀዋል፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ተጫውቶበታል። የአገር ልጅ ጥቅም ለብዙዎች የስሜት ጉዳይ ይመስላቸዋል። እኔ ያየሁት የእግር ዕውቀት ነው።

ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሌላ ለውጥ አለ። ውድድሮች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው መካሄድ ከጀመሩ፣ ቡድን ሳምንታት ከቤቱ ርቆ በሆቴል እያደረ ጨዋታ በጨዋታ ላይ ይደርብበታል። የገዛ ሜዳና የገዛ ደጋፊ ጥቅም ቀንሷል፤ የ11 ሰው ቡድንም ጊዜው አልፏል። በዚህ ዓይነት ውድድር ከ12ኛ እስከ 18ኛ ያለው ተጫዋች ከ1ኛው እኩል ዋጋ አለው።

ማን የት ይሰለፍ?

እንግዲህ መምህሩ እንደሚያደርጉት መስመር በመስመር እንሂድ። ስም አልጠራም፤ የምጠብቀውን ዓይነት ሰው ግን እናገራለሁ።

ከበረኛው እንጀምር። በየዓመቱ ከሚቀየሩ ቦታዎች ሁሉ ሲቀየር ጉዳቱ የሚከፋው ይህ ነው። በረኛ በእጁ ከሚያድነው ያልተናነሰ በአፉ ያድናል፤ "ያንተ ነው!" "ልቀቀው!" የሚለውን ድምፅ ተከላካዮቹ ዞረው ሳያዩ ማመን አለባቸው። ያ እምነት በሁለት ወር ልምምድ አይገኝም። የቦንጋ በረኛ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኝ ትምህርት ቤት አለው፦ ከጓንት የሚያመልጥ የረጠበ ኳስ በየቀኑ ይይዛል። ስለዚህ ቁጥር 1 የአካባቢው ልጅ እንዲሆን እጠብቃለሁ፤ ከጎኑም ዕድሜው ከ20 በታች የሆነ ሁለተኛ በረኛ፣ ለሁለት ዓመት የሚዘጋጅ።

መሀል ተከላካዮቹ እንደ ጥንድ በሬ ናቸው። ሁለት ብርቱ በሬዎች ስለተገዙ ብቻ አይጠመዱም፤ አብረው መለማመድ አለባቸው። ከሁለቱ አንዱ የግድ ካለፈው ዓመት የቀረ መሆን አለበት። በከባድ ሜዳ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚፈታው በማዕዘን ምትና በቅጣት ምት ነው፤ ይህንን የሚከላከለው ደግሞ ማን ማንን እንደሚይዝ ሳይነገረው የሚያውቅ የኋላ መስመር ነው። የመስመር ተከላካዮች ቦታ ለወጣቶች ክፍት ቢሆን አልፈራም። ሩጫው የወጣት ነው፤ ስሕተቱም ከመሀል ይልቅ ከዳር ሲመጣ ጊዜ ይሰጣል።

አማካይ ክፍሉ የሁለቱ መልኮች መገናኛ ነው። አንዱ ኳስ የሚነጥቅ፣ ጭቃ የማይፈራ የተከላካይ አማካይ ይሁን፤ ሌላው ደረቅ ሜዳ ላይ ጨዋታውን የሚያረጋጋ። ሦስተኛው እንደ ሜዳው ሊለወጥ ይችላል። ከውጭ ልምድ ያለው ሰው ማምጣት ካስፈለገ አንዱን እዚህ አመጣዋለሁ፤ ልጆቹ ከእርሱ ስለሚማሩ።

አጥቂው ላይ ክለቦቻችን አብዛኛውን ገንዘባቸውን ያፈሳሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግብ ውድ ነው። ነገር ግን በ2013 በኢትዮጵያ ቡና መለያ 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን የያዘው አቡበከር ናስር በዚያን ጊዜ ገና 21 ዓመቱ አካባቢ ነበር። በወጣትነቱ የመሰለፍ ዕድል ባያገኝ ኖሮ ያ ቁጥር አይኖርም ነበር። ልምድ ያለው አንድ አጥቂ ከውጭ ይምጣ፤ ከጎኑ ግን ቢያንስ አንድ የካፋ ልጅ በቋሚነት ይሰለፍ። "ለአሥር ደቂቃ ይግባ" እየተባለ ወንበር ላይ የሚያረጅ አጥቂ አይኑር።

ተቀያሪዎቹን አልረሳም። በአንድ ጨዋታ አምስት ሰው መቀየር ከተፈቀደ ወዲህ አሠልጣኝ የቡድኑን ግማሽ ያህል መለወጥ ይችላል። ያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች የአንድ ዓመት እንግዶች ከሆኑ፣ ካልተሰለፉ ልባቸው ጥር ላይ ሌላ ክለብ ነው። የአካባቢው ልጆች ከሆኑ ግን ወንበሩ ትምህርት ቤታቸው ይሆናል።

በግ አርቢዎቹ ያወቁት

ሦስተኛው ምስክሬ ከስታዲየም ርቆ አዲዮ ወረዳ ይገኛል። የቦንጋ በግ በአገሪቱ የታወቀ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳ፣ ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ ከአርቢዎች ጋር መሥራት ሲጀምር አንድ ነገር ገሃድ ወጣ። አርቢው በፍጥነት የሚያድገውን፣ ግርማ ያለውን ወጠጤ አስቀድሞ ገበያ ያወጣዋል፤ ለበዓል ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ እርሱ ነውና። ቤት የሚቀረው፣ መንጋውን የሚያጠቃውም፣ ገዢ ያላገኘው ቀርፋፋው ነው። እንዲህ እየተደረገ ዓመት ዓመትን ሲተካ መንጋው ራሱን እያሳነሰ ይሄዳል።

መፍትሔው ከውጭ ዝርያ ማስገባት አልነበረም። አርቢዎቹ ተደራጁ፤ የጠቦቶቹን ክብደት እየመዘኑ መዘገቡ፤ ምርጦቹን ወጠጤዎች መርጠው ለጋራ አስቀሩ፤ በየመንጋው በተራ አዞሯቸው። የተረፈውን ሸጡ። ገበያው አልቀረም፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተገለበጠ፦ መጀመሪያ ምርጡ ይቀራል፣ ቀጥሎ ሌላው ይሸጣል።

የእግር ኳሳችን ችግር ከዚህ የተለየ አይደለም። ጎበዙ ልጅ በ17 ዓመቱ ይታያል፤ ደላላ ይደርስበታል፤ በቤቱ ክለብ አንድ ሙሉ ዓመት ሳይሰለፍ ይሄዳል። ልጁ እንዳይሄድ መከልከል ኃጢአት ነው፤ የተሻለ እንጀራ ሲያገኝ ደስ ሊለን ይገባል። ነገር ግን ሁለት ዓመት ተሰልፎ፣ ታናናሾቹን አስተምሮ፣ ለክለቡም የዝውውር ገንዘብ ትቶ ቢሄድ ሁሉም ያተርፋል። አዲዮ ላይ ለጠቦት መዝገብ ተከፍቷል። ለልጆቻችንም ማን በስንት ዓመቱ ምን ያህል እንደሚሮጥ፣ የት ሜዳ እንዳደገ፣ መቼ ጉዳት እንደ ደረሰበት የሚጻፍበት መዝገብ ሊኖር ይገባል።

የኮሌጅ ቡድን ጥበብ

እዚህ ላይ የተማሪ ቡድኖች የሚያስተምሩን አለ። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ ከእርሱ በፊት ከተማዋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነበራት። የተማሪ ቡድን አሠልጣኝ አንድ ጸጋ አለው፦ ማን መቼ እንደሚሄድ ያውቃል። ተመራቂው በምረቃ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከአራተኛ ዓመቱ በረኛ ጎን የአንደኛ ዓመቱን በረኛ ያቆማል። በአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል ይህ ጥበብ ወግ ሆኗል። ባለ አራት ዓመት ኮሌጅ የገባ ተጫዋች በፕሮፌሽናል ሊጉ ምልመላ የሚመረጠው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። አሠልጣኙ ኮከቡን መቼ ሊያጣ እንደሚችል ቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ውድድሩ የካቲት ላይ ከመጀመሩ በፊት የተተኪውን ስም ያዘጋጃል። አሰላለፉ የዘንድሮና የከርሞ ነው።

ለቦንጋ ክለብ ይህ ቀላል ትምህርት ነው፦ ውል የሚፈረምበት ቀን ሜዳ ላይ የተተኪው ዝግጅት መጀመሪያ ቀን ይሁን። ዩኒቨርሲቲውና ኮሌጁ የስፖርት መምህራኖቻቸውን ለልጆች ምልመላና ለአካል ብቃት ምዘና ቢያውሱ፣ ክለቡ ደግሞ ለተማሪዎቹ የልምምድ ቦታ ቢሰጥ፣ ለሁለቱም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 2014 ተመሥርቶ ቦንጋ ከመዲናዎቹ አንዷ ስትሆን የሼካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮ፣ የምዕራብ ኦሞና የኮንታ ልጆችም በቅርብ ርቀት የሚታዩ ሆነዋል። የምልመላው መስክ ሰፍቷል።

"ውጤት አሁን ይፈለጋል"

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። በጀት የሚመድበው አካል ውጤት የሚጠይቀው በዓመቱ ነው፤ ደጋፊም ትዕግሥት የለውም፤ በአገር ልጅ ብቻ ደግሞ አይታደግም። ሦስተኛው እውነት ነው። በስፔን አትሌቲክ ክለብ ቢልባዎ የባስክ ተጫዋቾችን ብቻ እያሰለፈ ላሊጋው እ.ኤ.አ. በ1929 ከተጀመረ ወዲህ አንድም ጊዜ ወርዶ አያውቅም፤ ይህ ግን የመቶ ዓመት ሥራና ትልቅ ሀብት ያለበት ነው። ከካፋ ይህን አልጠይቅም። እንግዳ ይምጣ፤ ካፋ እንግዳ አክባሪ አገር ናት። የምለው እንግዳው ቤት አግኝቶ ይግባ ነው። ቤቱ በየዓመቱ እየፈረሰ የሚመጣ እንግዳ፣ ቢጎብዝም የሚገባበት የለውም።

ውጤት አሁን ለሚሉትም መልሱ ከላይ ያየናቸው ስድስት አዳጊዎች ናቸው። በፍጥነት የተሰበሰበ ቡድን ሊያድግ ይችላል፤ ካደገ በኋላ ግን የሚቆመው የተደራረበ ቡድን ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ለመጪው የውድድር ዓመት ከቦንጋ ቡድን የምጠብቀው ትልቅ ዝውውር አይደለም፤ አምስት የታወቁ ስሞች ናቸው፦ አንድ በረኛ፣ አንድ መሀል ተከላካይ፣ አንድ የመስመር ተከላካይ፣ አንድ አማካይ፣ አንድ አጥቂ። አምስቱም እዚህ ያደጉ ወይም ካለፈው ዓመት የቀሩ፤ አምስቱም ቢያንስ ለሁለት ዓመት የፈረሙ። የቀሩት ስድስት ቦታዎች ለአሠልጣኙ ምርጫ ይተዉ። የክለቡ ኃላፊዎች ይህንን ውል ሰኔ ሳይወጣ፣ ደላላው ሳይቀድም ይጨርሱት። የዞኑና የከተማው አስተዳደር የእነዚህን አምስት ሰዎች ደመወዝ ከሌላው ወጪ ሁሉ አስቀድመው ይመድቡት። እኛ ደጋፊዎች ደግሞ ወጣቱ ሲሳሳት ከመጮህ እንቆጠብ፤ አንድ ዓመት እንታገሠው።

ቡናው በመስከረም መቅላት ይጀምራል፤ ለቀማው እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ልምምዱም በዚያው ወራት ነው። በዚህ ዓመት መምህሩ ደብተራቸውን ሲገልጡ ከ11ዱ አምስቱን በእስክሪብቶ እንዲጽፉ እናድርጋቸው።